አሥራ ሁለተኛው መረጃ ሰጪ

ዶክተሯ ዶክተር አልነበረችም። ይህን ከወዲሁ እንናገረውና እንገላገል። ስሙ ቀድሟት ደረሰ እንጂ ማዕረጉ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ። ሰፈሩ ግን መች ጠብቆ! ለሦስተኛ ዲግሪ በተመዘገበች በሳምንቱ «ዶክተሯ» ብሎ ጠራት፤ በቃ፣ ጸደቀ። ጎረቤት ደም ግፊቱን ሊያስለካ ይመጣል። «እኔ እኮ የታሪክ ነኝ» ስትለው «ታዲያ የበሽታዬን ታሪክ ላጫውትሽ» ይላታል። ማስረዳቱ ሲሰለቻት ጊዜ መለኪያውን ገዝታ አረፈችው።

ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። በአንደኛው ክፍል እሷና ወረቀቶቿ፣ በሁለተኛው አባቷና አክስቷ ይኖራሉ። አባቷን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑን ወሰደበት፤ ንግግሩንም ወሰደበትና ከዚያ ሁሉ ቃል አንዲት ብቻ ተወለት። «እሺ።» ውሃ ትፈልጋለህ? እሺ። አትፈልግም? እሺ። ሐኪሞቹ «ይሰማል፤ የሚያስበውና ከአፉ የሚወጣው ግን ተለያይተዋል» ብለው ሸኟቸው። አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ በዚህም ቀልድ አታጣም። «ወንድሜ ጤነኛ እያለ እሺ ብሎ አያውቅም» ትላለች። «ይኸው፣ የስልሳ ዓመቱን ባንዴ ሊለው ነው።»

ጠዋት ጠዋት አክስቷ ወንድሟን አጣጥባ፣ ጸጉሩን አበጥራ፣ ዊልቸሩን መስኮቱ ጋ ታስጠጋዋለች። ዶክተሯ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ጎንበስ ትልና ትጠይቀዋለች።

«አባዬ፣ ዘንድሮ እጨርሳለሁ?»

«እሺ።»

«አሜን በይ እንጂ» ትላታለች አክስቷ። «አሜን» ትላለች። ቃሉ ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ ስንት መጽሐፍ ያገላበጠች ሴት ናት። ግን ረስታ ሳትጠይቀው የወጣች ቀን ታክሲ ውስጥ ልቧ ሲረበሽ ይውላል። ሰው ነቻ!

ጥናቷ ስለ ጡብ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ቦታው መኪና ማጠቢያ ሆኗል። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ግን ስድስት መቶ ሰው ይሠራበት ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ቀን ረፋድ ላይ ይሄ ስድስት መቶ ሰው ሥራውን ጥሎ ወጣ። ለአሥራ አንድ ቀን አልተመለሰም። ሲመለስም የሥራ ሰዓቱ አጥሮለት፣ የወሊድ ፈቃዱም ረዝሞለት ነው። ማን አስጀመረው? ጥያቄዋ ይኸው ነው። የፋብሪካው ወረቀት እንዳይጠየቅ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ለባለሱቆች ተሰጥቶ የስኳር መጠቅለያ ሆኗል። ስለዚህ ዶክተሯ በሕይወት ያሉትን ጡረተኞች እያሳደደች ጠየቀች፤ አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት፣ አርባ ሦስት ሰዓት ድምፅ። አሥራ አንዱም ተማምለው የመጡ ይመስል አንድ ነገር ነገሯት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የምሳ ደወል በማይደወልበት ሰዓት፣ አንዲት ጡብ ተሸካሚ ሴት ሸክሟን አውርዳ፣ በስድስት መቶ ሰው ፊት ሄዳ የደወሉን ገመድ ሳበች። ሰውም ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ሴትየዋ እናቷ ነበረች። ጥናቱ ውስጥ ግን «እናቴ» አትልም፤ «የሠራተኛ ቁጥር 214» ነው የምትላት። ምሁር እናት የለውም። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ስለሆነ መልኳን እንኳ የምታውቀው በአንዲት የመታወቂያ ፎቶ ነው። እንግዲህ ምዕራፍ አራት፣ ሰባ ሁለት ገጽ፣ ስለዚያች ደወልና ስለዚያች ሴት ነው። ሌሎቹ ምዕራፎች እሱን ተሸክመው የቆሙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አሥራ አንድ ሰው ስትጠይቅ አንድ ሰው አልጠየቀችም። አባቷን! ሃያ ሁለት ዓመት የዚያው ፋብሪካ ምድጃ ላይ የቆመውን ሰው! በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ላይ «ከቤተሰብ መረጃ አይወሰድም፣ ዘመድ ያዳላል» ተብላ ነበር፤ እሷ ደግሞ የተባለችውን የምታከብር ልጅ ናት። ያኔ አባቷ እንደ ልቡ ይናገር ነበር። ከሽማግሌዎቹ ስትመለስ «እኔንስ መቼ ነው የምትጠይቂኝ?» ይላታል። «አባዬ፣ አንተማ ዘመድ ነህ፣ አትቆጠርም» ብላ ትስቅበታለች። አንድ እሁድ ጺሙን ተላጭቶ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። «ዛሬ ጠይቂኝ፤ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አላት። ቀጠሮ ነበረባትና «ስመለስ» ብላው ወጣች። ስትመለስ ኮቱን አውልቆ ተኝቷል። ነገሩ በዚያው ተረሳ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው?

እንዲህ ሆኖ ሰባተኛው ዓመት አለቀ። ሬጅስትራሩ ሦስት ጊዜ አራዝሞላታል፤ አራተኛ የለም። የመጨረሻው ቀን አርብ ነው፤ ያለፈ እንደሆነ ከመዝገብ ትሰረዛለች። ጽሑፉ አልቋል፣ ተጠርዟል፣ አማካሪዋ ቅጹ ላይ ፈርመዋል። ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ግን ረቂቁን ያነበቡት ሌላ መምህር በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር ጽፈው መለሱላት። «ገጽ 143። ደወሉን የሚቆጣጠረው ሰው ማን ነበር? ለምን አልተጠየቀም?»

ይቺን ነገር አስባበታለች። ደወሉ የሰዓት ተቆጣጣሪው ሥራ ነበር፤ ከግርጌ ላይ «በጡረተኞች ማህበሩ መዝገብ መሠረት ሰዓት ተቆጣጣሪው በሕይወት የለም» የሚል ማስታወሻ አለ። የሞቱበት ቀን ብቻ ነው የጎደለው። እሱንም ለመሙላት በማግስቱ ወደ ጡረተኞቹ ማህበር ሄደች። ቀላል ሥራ መስሏት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማህበሩ ከማተሚያ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል አለው። ግድግዳው ላይ የእናቷ የመታወቂያ ፎቶ ትልቅ ተደርጎ ተሰቅሏል፤ በጣም ከመተለቁ የተነሳ ፊቷ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። ከሥሩ «ደወሉን የደወለችው» ይላል። ሊቀመንበሩ ለዶክተሯ ወንበር ጠርገው አስቀመጧት፤ መዝገባቸውን ገልጠውም የሰዓት ተቆጣጣሪውን ስም አሳዩአት። በቀይ ተሰርዟል፤ ጎኑ ላይ «በሞት የተለየ» ይላል። ቀን የለውም።

«ቀኑስ ጋሼ?»

«ቀኑ ምን ያደርግልሻል?»

«ለግርጌ ማስታወሻ ነው።»

ሊቀመንበሩ ሳሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ሰኩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሰውዬው የሞተው ለእኛ ነው» አሉ።

«አልገባኝም።»

«እኛ ጋ ሞቷል። ቤቱ ግን ደህና ነው አሉ።»

«በሕይወት አሉ?!»

«ምን አሉ ይባላል፣ አለ በይው! ነገረኛ ነው። ያንቺን ጽሑፍ ባስነበብን ቁጥር እየተነሳ ያቋርጠናል። አሥር ዓመት ቻልነው፤ በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ አሰናበትነው። መዝገቡ ላይ ደግሞ የተባረረ የሚጻፍበት ቦታ የለም፣ ያለው በሞት የተለየ ብቻ ነው። ምን እናድርግ?»

ዶክተሯ መሳቅ ነበረባት። ያልሳቀችው «ያንቺን ጽሑፍ» የሚለው ስለያዛት ነው። ሃያ ዓመቷ ላይ፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ ስለ እናቷና ስለ ደወሉ ስድስት ገጽ ድርሰት ጽፋ ለሊቀመንበሩ አንድ ቅጂ ሰጥታቸው ነበር።

«ታስነብቡታላችሁ እንዴ?»

«እንዴታ! በየዓመቱ ጉባኤ ነዋ! ዘንድሮ አሥራ ሰባተኛው ነው። ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል!» አሉ፣ ደስ እንዲላት ብለው።

ወጥታ ግንብ ተደግፋ ቆመች። አሥራ ሰባት ጉባኤ። መጠየቅ የጀመረችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ሽማግሌዎቹ መቅረጫዋ ፊት ሲቀመጡ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰምተውታል ማለት ነው። «ሸክሟን አውርዳ» ያሉት ሁሉም ናቸው። ያቺ አባባል የማን ነበረች? የራሷ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ላይ የጻፈቻት። እሷስ ከየት አገኘችው? ከአባቷ። ማታ ማታ ሲያስተኛት እናቴ ምን ትሠራ ነበር ስትለው ከሚነግራት። አሥራ አንድ ምስክር አለኝ ስትል ኖረች እንጂ ያላት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ያልጠየቀችው።

የቀራት አንድ ተስፋ ሰዓት ተቆጣጣሪው «ደወሉ ነበረ» እንዲሏት ነው። ቤታቸው ከፋርማሲው ጀርባ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተፈታ ሰዓት ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ሁለቱም እጃቸው ላይ ሰዓት አስረዋል። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ለቀብሬ ነው የመጣሽው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ነው የሰማሁት።»

«አይዞሽ፣ እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ቁጭ በይ። ሰዓቶቼን ነው የምታይው አይደል? አንደኛው ይሳሳታል። የትኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ ሁለቱንም አስሬያለሁ።»

ፈገግ አለች። መቅረጫዋን ሳታወጣ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳያመነቱ መለሱላት።

«ደወል የለም። ከዚያ ማክሰኞ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ተሰንጥቆ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ዘበኛው ቱቦ ነበር የሚመታው፤ እሱንም እኔ ስለው። ይሄን በየዓመቱ ተነስቼ ተናገርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ደፈረሰ።»

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ሰው እኮ በጆሮዬ ሰማሁ ይላል።»

«ይሰማቸዋል! እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ውሸታሞች አይደሉም።»

ገብተው አንድ ወፍራም ደብተር ይዘው ወጡ። ፋብሪካው ሲዘጋ ከስኳር መጠቅለያነት ያስጣሉት የራሳቸው የሰዓት መዝገብ ነው። ገጹን ሳይፈልጉ ገለጡት፤ ስንቴ እንደገለጡት ጠርዙ ይመሰክራል። ዶክተሯ የሰው የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ሙያዋ ነው። «ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የለም። 4:10 ምድጃ ክፍል ውሃ ፍለጋ ወጣ፤ አልተመለሰም። 4:25 ጭነት ክፍል ተከተለ። በሩን ማን እንደከፈተ አልታወቀም።»

«እና ማን አስጀመረው?»

«ጥማት» አሉ። «ምን ላድርግልሽ? ሰው ውሃ ሊጠጣ ወጣ፣ ውጭው ጥሩ ነበር፣ ቀረ። ጥያቄ ማቅረብ እንዳለበት ትዝ ያለው በሦስተኛው ቀን ነው።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታች አውርደው አንድ መስመር ላይ አቆሙት። «214 — ከሚያዝያ 5 ጀምሮ ወሊድ።»

«ይሄ የማን ነው?» አለች፣ እያወቀችው።

«የእናትሽ። አንቺ ዘጠኝ ቀንሽ ነበር።»

«እኔ የተወለድኩት በዓመቱ ነው። የልደት ወረቀቴ ላይ…»

«አባትሽ ትምህርት ቤት ሲያስገባሽ አንድ ዓመት አልቀነሰልሽም?»

ቀንሶላታል። እንዴት አይቀንስላት! ስንት ጊዜ ስቃበታለች፤ «እኔ በወረቀት ልጅ ነኝ» እያለች። የአሥራ አንድ ሰው ዕድሜ ከሦስት ቦታ ያመሳከረች ሴት የራሷን አላመሳከረችም።

ሽማግሌው አዘኑላት። «በአባትሽ አትፍረጂ» አሉ። «እናትሽ ዝምተኛ ነበረች። ስድስት ዓመት ፊቴ ስትፈርም ድምጿን የሰማሁት ሁለቴ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል እንጂ ለልጅ ምን ተብሎ ይተረታል? ጡብ ትሸከም ነበር፣ ከዚያ ደረቷን አመማት ይበልሽ? ደወል ሰጠሽ። እኔም ልጅ አለኝ፤ እሰጥ ነበር።»

ገጹን በስልኳ ልታነሳው ስትል ደብተሩን እሳቸው ያዙላት።

አማካሪዋ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ቢሯቸው ካርቶን በካርቶን ሆኖ፣ ያልታሸገው ወንበራቸውና የሻይ ብርጭቋቸው ብቻ ነው። ስልኳን ተቀብለው አጉልተው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። እንዲህ ያለ ሰነድ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የታሪክ ሰው ያውቃል፤ ፊታቸው ለአፍታ በራ። ወዲያው ጠፋ።

«መቼ አገኘሽው?»

«ትናንት።»

«ከሚቀጥለው አርብ በኋላ ብታገኚው ምን ነበረበት?»

«ፕሮፌሰር፣ ምዕራፍ አራትን ልለውጠው?»

«በሰባት ቀን? እሺ ለወጥሽው። ሲወጣ ምን ይቀርሻል?»

«ሦስቱ ምዕራፎች… የጭቃው ዓይነት… የጡቡ አሠራር…»

«እኔ ደግሞ በጡብ አሠራር ዶክተር አላስብልም። እንደ አዲስ ይመርመር ካልሽ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴ ለመሰብሰብ ቢያንስ ሁለት ወር ነው፤ አንቺ ደግሞ ቀነ ገደብ አለሽ።» ብርጭቋቸውን አዞሩ። «ስሚኝ። አንቺ የጻፍሽው ‹በማህበሩ መዝገብ መሠረት በሕይወት የለም› ብለሽ ነው። መዝገቡ ሞቷል ይላል። ውሸት የለበትም።»

ይህን ሲሉ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። እሷም ገባት፤ መጥፎ ሰው ሆነው አይደለም። ሰባት ዓመቷን አብረው ገፍተውላታል፣ ስንት ደብዳቤ ጽፈውላታል። አሁን ሊረዷት የቀራቸው መንገድ ይሄ ብቻ ስለሆነ ነው።

«አሥራ አንድ ሰው አንድ ዓይነት ሲናገር ምንጩን ቁጠሪ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥሩ አስተምሬ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጻፈች። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ፣ በሯን ዘግታ፣ ሰባ ሁለቱን ገጽ ወደ አሥራ አንድ አወረደችው። ውሃ ተቋረጠ፤ ሰው ወጣ፤ የጠራው የለም። ደወሉ ከየት እንደመጣም ጻፈች። እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ብዕሯ ቆመ። «ምንጭ፦» ብላ ጽፋ፣ ከሁለት ነጥቡ በኋላ የምትሞላው አጣች።

ረቡዕ ከሰዓት አክስቷ መድኃኒት ልታስሞላ ወጣች። ዶክተሯ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ግራጫውን ኮት አወጣች። አባቷን ማልበስ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ የሞተው ክንድ እጅጌ ውስጥ አልገባ እያለ አስቸገራት፤ እሱም ከስቶ ስለነበር ኮቱ ሰፍቶታል። ጸጉሩን አበጠረችለት። ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መቅረጫውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለአሥራ አንዱ ያነበበችውን አነበበችለት፤ በዚያው ቃል፣ በአንቱታ።

«ይህ ቃለ መጠይቅ ለጥናት የሚውል ነው። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ ማለፍ ይችላሉ። ለመጠየቅ ፈቃደኛ ነዎት?»

«እሺ።»

«ፋብሪካው ውስጥ ያን ማክሰኞ ደወል ነበረ?»

«እሺ።»

«አልነበረም?»

«እሺ።»

«እማዬ ያን ቀን የት ነበረች?»

«እሺ።» ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር። አይነቅልም።

«አባዬ፣ ፈጥረኸው ነው? ስላለቀስኩብህ ነው የፈጠርከው?» አንቱታው ጠፋባት። «ያን እሁድ ኮትህን ለብሰህ ልትነግረኝ የነበረው ይሄን ነው?»

«እሺ» አለ፤ እንባውም በግራ ጉንጩ ወረደ። ሐኪሞቹ ይህንንም ቀድመው ነግረዋታል፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ እንባው ቅርብ ነው፣ ትርጉም አትስጡት ብለዋል። አያችሁልኝ? እንባውን እንኳ ማስረጃ አድርጋ ልትይዘው አትችልም። ጠረገችለት። የራሷን አልጠረገችም።

«ላስገባው?»

«እሺ።»

«ልተወው?»

«እሺ።»

መቅረጫውን ዘጋችው። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ከልምድ የተነሳ እጇ ራሱ ወረቀት ቀዶ «መረጃ ሰጪ 12» ብሎ ጻፈበት። አክስቷ ስትገባ ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ኮት አልብሰሽ የት ልትወስጂው ነው? ልትድሪው ነው እንዴ?» አለች።

አርብ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ጥራዝ ይዛ ሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ተሰለፈች። አንዱ ደወል ያለበት ነው፣ ፊርማም አለው። ሌላው ደወል የለውም፣ ፊርማም የለውም። ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ ሁለተኛውን አቀረበች። ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጣ አየች።

«ፊርማ የለውም። አልቀበልም።»

«የይዘት ማሻሻያ አድርጌ ነው። ደብዳቤም አያይዣለሁ።»

«እህቴ፣ ማሻሻያ ለኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ደግሞ…»

«ሁለት ወር።»

«ታውቂዋለሽ። የተፈረመበት የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ እሱን ስጪኝና እንገላገል! ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አለች ጸሐፊዋ። ክፋት የላትም፤ ልታግዛት ብላ ነው።

እውነት ለመናገር የዶክተሯ እጅ ቦርሳው ውስጥ ገባ። ጥራዙን ጨበጠችው። ገጽ 143 የት አካባቢ እንደሆነ በጣቷ ታውቀዋለች። አባቷን አሰበችው፤ አክስቷን፤ ደም ግፊቱን የሚያስለካውን ጎረቤት። መስጠት ነበር፣ አንድ ክንድ መዘርጋት። ግን ያቺ የደብተር መስመር መጣችባት። ስለ እናቷ ሰው በዓይኑ አይቶ የጻፈው ያችኑ አንዲት መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ ተረት ነው። ያን ማክሰኞ ረፋድ እናቷ ደወሉ ጋ አልነበረችም። እሷ ጋ ነበረች። ቤት ውስጥ፣ የዘጠኝ ቀን ልጇን ታቅፋ ተኝታ ነበር። ይሄን ጥራዝ የሰጠች እንደሆነ እናቷን በገዛ እጇ ከአልጋው አስነስታ ወደ ፋብሪካው መላኳ ነው።

እጇን ባዶውን አወጣችው። ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሰው ሲገባ ሲወጣ አየች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጸሐፊዋ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል አንገቷን አወጣች።

«እህቴ፣ ምን ልጻፍ? አላስገባችም ልበል?»

«እሺ» አለች ዶክተሯ።

ቅዳሜንና እሁድን አተኩሶኛል ብላ ተኛች። ለአክስቷ አልነገረቻትም፤ በየት በኩል ትጀምረው? ሰኞ ጠዋት ተነስታ ለበሰች። አባቷ ታጥቦ፣ ተበጥሮ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ቦርሳዋን አነሳች፤ ወረቀት ስለሌለበት ቀልሏት ትከሻዋ ላይ አልቀመጥ አለ። ጎንበስ አላለችም። «ቻው አባዬ» ብላ ወደ ኮሪደሩ አለፈች።

ጫማዋን ማሰር ጀመረች። አክስቷም ፎጣዋን እንደያዘች የዘወትሩን ጥያቄ ትጠብቃለች። ዊልቸሩ ሲንቋቋ ተሰማት፤ አባቷ በደህናው እጁ ጎማውን ገፍቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ያያታል። ጠበቃት፤ እሷም ቀና ብላ አየችው።

«እሺ» አለ አባቷ፣ ሳትጠይቀው።

«አሜን በይ እንጂ» አለች አክስቷ፣ «ምን ይገትርሻል?»